ደሴ ላይ ቤት የምትገዙ ወገኖች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ጦሳ ተራራ ሥር ከተሠሩት አዳዲስ ቤቶች አንዱን ልገዛ ቀብድ ከፍዬ ነበር። ቀብዴ ቀልጦ ቀረ። የእናንተ እንዳይቀልጥ ነው የምጽፈው።

ቤቱን ያየሁት ጥር ላይ ነው፤ ያውም አመሻሽ ላይ፣ መብራቱ ሁሉ በርቶ። ጣሪያው ባለ ደረጃ ጂፕሰም፣ ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር የተከፈተ፣ ፊት ለፊቱ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት። ደላላው «አብሽሪ እህቴ፣ አሁን ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እናቶቻችን ቤት ሲያዩ አስቀድመው የሚጠይቁት ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ ማዕድ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ግቢው ድንኳን ይችል እንደሆነ ነበር። የዛሬ ገዢ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሠርተው የሚሸጡትም ይህን አውቀው ገንዘባቸውን ዓይን በሚያርፍበት ላይ ያፈሱታል። ምርጫችን መለወጡ አያስከፋኝም፤ እኔም ብርሃን የሞላው ሳሎን እወዳለሁ። የሚያንገበግበኝ ከጌጡ ጀርባ የተደበቀው ነው።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ሁለት ቀን ሲጥል ሳልናገር ሄድሁ። የመኝታ ቤቱን ቁም ሣጥን ከግድግዳው ሳብ ሳደርገው ቀለሙ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ አብጧል። በጣቴ ስጫነው ልስኑ እንደ ራሰ ዳቦ ወደ ውስጥ ገባ። ዞሬ ከኋላ ሳይ ቤቱ የቆመው ተዳፋቱ ተቆርጦ ነው፤ ከተራራው የሚወርደውን ውሃ የሚቀበል ቦይ ግን አልተቆፈረም። ውሃው የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው። መሬት በሚንሸራተትበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አብሮኝ የሄደው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ደግሞ የወጥ ቤቱን ሶኬት ፈታው። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የአምፖል ሽቦ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይፈልጋል፤ በዚያ ሽቦ መጋገር እሳት መጥራት ነው። በጓሮ የተለየ ማዕድ ቤት እንዳይሠራ ቦታ አልተረፈም። ታዲያ የምጣዱ እንፋሎትና የቁሌቱ ሽታ ለቡናና ለዱዓ በተቀመጠው እንግዳ መካከል ሊሆን ነው? መስታወቱም ቢሆን፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለች ከተማ ስስ ነው፤ ሌሊቱን ብርዱ አያስተኛም።

ውሉን ተውሁት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እኔ የፈረምሁት ወረቀት ላይ ስለ ተደበቀ ጉድለት አንድም ቃል አልነበረም። እናንተ ግን «ጉድለት ከተገኘ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሳይገባ እንዳትፈርሙ። ቤቱን በቀን፣ በዝናብ፣ ከባለሙያ ጋር እዩት፤ ቁም ሣጥኑንም አስነሡ።

ያ ቤት በዚህ ሳምንት እንደገና ለሽያጭ ቀርቧል። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ከኋላው ግን ዛሬም ቦይ የለም።