ጣናን ከሰማይ ለማየት ምን ልግዛ?

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። ሦስቱ ባሕር ዳር ያሉ ተማሪዎች ናቸው፤ ጥናታቸው እንቦጭና የጣና ውኃ ላይ ነው። አራተኛዋ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ የማስተርስ ርዕሷ ቀይ ባሕር ነው። ጎጃም ተቀምጦ ቀይ ባሕርን ማጥናት ሊያስቅ ይችላል። ሳተላይት ግን ወደብ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። የአራቱም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ የትኛውን ሶፍትዌርና የሳተላይት ምስል ልግዛ?»

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሶፍትዌርም ምስልም አትግዙ። ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ ሶፍትዌር በነጻ ጫኑ፤ የሴንቲኔል 2 ሳተላይትን ምስል በነጻ አውርዱ፤ ያላችሁን ብር ራም ላይ አውሉት። እኔ ይህን ያወቅኩት ከፍዬ ነው።

መጀመሪያ የተበላሁት በምስል ነው። አንድ ሰው «የጣና ሃይ ሪዞሉሽን ምስል አለኝ» ብሎ በፍላሽ 3,000 ብር ሸጠልኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው የኮምፒውተር ስክሪን ፎቶ ሆኖ ተገኘ። ኮኦርዲኔት (ቦታውን የሚነግር ቁጥር) የለው፣ ባንድ (እያንዳንዱ የብርሃን ዓይነት ለብቻው የተመዘገበበት ሽፋን) የለው፣ የተነሣበት ቀን የለው። ካርታ ላይ ስጭነው ጥጉ ዜሮ ላይ ተተከለ፤ ማለትም ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ። በ3,000 ብር ጣናን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ጣልኩት። ሰውየው ስልኩን አላነሣም።

የሚያናድደው ነገር ትክክለኛው ምስል በነጻ መኖሩ ነው። የአሜሪካው ሳተላይት ላንድሳት ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድርን ሲያነሣ ኖሯል፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ማንም ሰው ሳይከፍል ያወርደዋል። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 በ2015 እ.ኤ.አ. ነው ወደ ሰማይ የወጣው፤ እሱም ያው ነጻ ነው። ታዲያ ከሁለቱ የቱ? ለእንቦጭ ሴንቲኔል 2፣ ምንም ጥያቄ የለውም። የላንድሳት አንድ ፒክስል 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው። የሴንቲኔል 10 በ10 ነው። አንዱ የላንድሳት ፒክስል ውስጥ ዘጠኝ የሴንቲኔል ፒክስል ይገባል። ዳር ላይ ተነጣጥሎ የሚንሳፈፍ ትንንሽ እንቦጭ በላንድሳት ከውኃው ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። ሴንቲኔል በየአምስት ቀኑ ይመለሳል፤ ላንድሳት 8 እና 9 ተደምረው በየስምንት ቀኑ። ላንድሳትን የምትፈልጉት የድሮውን ጊዜ ማየት ስትፈልጉ ነው። እንቦጭ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ዳርቻው ምን ይመስል እንደነበር የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።

ምስሉ ነጻ ቢሆንም ዋጋ የሚያስከፍላችሁ ኢንተርኔቱ ነው። አንድ የሴንቲኔል 2 ፋይል አንዳንዴ 1 ጊጋን ያልፋል፤ ጣና ደግሞ አንድ ፋይል ውስጥ ተጠቃሎ ላይገባላችሁ ይችላል። ተማሪዎቹ ሙሉውን እያወረዱ ፓኬጃቸው በሁለት ቀን ያልቃል። የሴንቲኔል ምስሎች በሚገኙበት ኮፐርኒከስ ብራውዘር በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ግን የምትፈልጉትን ቦታና የምትፈልጉትን ባንድ ብቻ ቆርጦ ማውረድ ይቻላል። ለእንቦጭ ቀዩና ኒር ኢንፍራሬድ የሚባለው፣ በዓይን የማይታየው ብርሃን፣ ይበቃችኋል፤ ባንድ 4 እና ባንድ 8። ውኃ ኒር ኢንፍራሬድን ውጦ ያስቀረዋል፤ ቅጠል መልሶ ያንጸባርቀዋል። ስለዚህ ጣናው ጥቁር፣ እንቦጩ ነጭ ሆኖ ቁጭ ይላል። በሐምሌና በነሐሴ ግን አትድከሙ፤ የምታዩት ደመና ነው። ለክረምት ሴንቲኔል 1 አለ፤ ራዳር ስለሆነ ደመናን ያልፋል።

ሁለተኛው መበላቴ ሶፍትዌር ነው። ክራክ የተደረገ (ላይሰንሱ የተሰበረ) አርክማፕ፣ ማለትም የአርክጂአይኤስን የካርታ ሶፍትዌር፣ በ500 ብር አስጫንኩ። ጫኚው ልጅ መጀመሪያ ያደረገው ነገር አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነበር። «ካልጠፋ አይሠራም» አለኝ። ያኔ ነበር ላፕቶፔን ይዤ መውጣት የነበረብኝ። ሦስት ሳምንት ሠራ። አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው ፋይሎቼ በሙሉ ስማቸው ተቀይሯል፤ ዴስክቶፑ ላይ ዶላር ክፈል የሚል ደብዳቤ ተቀምጧል። የዘጌን ዳርቻ በጀልባ ዞሬ የሰበሰብኩት የጂፒኤስ ነጥብ ሁሉ ሄደ። ፎርማት ለማስደረግ 800 ብር ከፈልኩ። ደምሩት፦ 3,000 እና 500 እና 800፣ 4,300 ብር። ያኔ በ2,800 ብር 8 ጊጋ ራም እገዛ ነበር።

«ኦርጅናሉን ብገዛስ?» ትሉኛላችሁ። የአርክጂአይኤስ የግል ላይሰንስ በዓመት 100 ዶላር ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ይህ በባንክ ዋጋ ከ6,000 ብር በታች ነበር። ዛሬ ከ10,000 በላይ ነው፤ ያውም ዶላር የሚከፍል ካርድ ካገኛችሁ። በዚያ ላይ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ገቢ ለምታገኙበት ሥራም አይፈቅድም። ኪውጂአይኤስ ግን ለተማሪም ለነጋዴም አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎች በጋራ እያሻሻሉት እዚህ ደርሷል። አንድ ሰው ያወረደውን በፍላሽ ለአሥር ሰው ቢያካፍል ሕጋዊ ነው። ይህ እኛ አገር ትልቅ ነገር ነው።

ለአርክጂአይኤስ የምሰጠው አንድ ነገር አለ። የሥራ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የሱ ስም ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ፋይሉን በሱ ፎርማት ካልሆነ አልቀበልም ይላል። የምትማሩበት ቦታ ላይሰንስ ካለው እዚያው ቁጭ ብላችሁ ተለማመዱት። ከኪሳችሁ አትክፈሉ።

ሶፍትዌር ሻጭ የማይነግራችሁን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ። የድሮ የኢትዮጵያ ቶፖ (የመሬት ገጽታ) ካርታዎች አዲንዳን በሚባል ዳተም፣ ማለትም ኮኦርዲኔት የሚለካበት መነሻ፣ ነው የተሠሩት። ሳተላይቱ የሚጠቀመው ደብልዩጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ ዳተም ነው። ሳትቀይሩ ከደረባችኋቸው ካርታው 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። የኔ የመጀመሪያ ካርታ ላይ የግልገል አባይ አፍ ከወንዙ ጋር አልገጠመም ነበር። ሶፍትዌሩ ክራክ ስለሆነ ነው ብዬ አንድ ሳምንት ረገምኩት። በዚህኛው ነገር ግን ሶፍትዌሩ ጥፋት አልነበረበትም። ኪውጂአይኤስ የኮኦርዲኔት ዝርዝር ላይ 20137 የሚለውን ቁጥር ፈልጉ፤ አዲንዳን ዞን 37 ነው። ወደ 32637 ቀይሩት፤ እሱ ደብልዩጂኤስ 84 ዞን 37 ነው። አለቀ።

ወደ ማርቆሷ ልጅ ልመለስ። ለባሕር ነገሩ ይለያል። እሷ የምትፈልገው ክሎሮፊል ነው፤ ማለትም በዓይን የማይታዩት የባሕር ዕፅዋት ምን ያህል እንደሆኑ። ለዚያ 10 ሜትር ፒክስል ትርፉ ድካም ነው። ሴንቲኔል 3 ፒክስሉ 300 ሜትር ነው፤ ግን 21 ባንድ አለው፤ የተሠራውም የባሕርን ቀለም ለማንበብ ነው። ሰፊ ባሕር ላይ ይበቃል። ኪውጂአይኤስ ብቻውንም አይበቃትም። የሳተላይት ምስል ማቀነባበሪያ ሶፍትዌር ያስፈልጋታል፤ የናሳው ሲዳስና የአውሮፓው ስናፕ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሲዳስ ለባሕር ቀለም ይሻላል፤ ማቀነባበሪያው ግን ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ አይሠራም፤ ሊኑክስ ይፈልጋል። ስናፕ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፤ ራም ግን እንደ ጉድ ይበላል። እኔ ከስናፕ ጀምሪ አልኳት።

አንዱ የባሕር ዳር ተማሪ ይህን ሰምቶ ያንኑ የባሕር ቀመር ጣና ላይ ሊጠቀምበት ፈለገ። አይሆንም። ቀመሩ የተሠራው ለጠራ ውቅያኖስ ነው፤ ሰማያዊና አረንጓዴውን ብርሃን እያነጻጸረ ክሎሮፊል ይገምታል። ጣና ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ግልገል አባይ ከሰከላ ጀምሮ ያጠበውን አፈር ይዞ ይገባበታል። ቀመሩ ደለሉን አይቶ አልጌ ነው ይላችኋል። ኋላ መምህሩ ፊት ማፈር ነው።

እንግዲህ ከሶፍትዌሩ የተረፈው ብር ወዴት ይሂድ? ራሙን ወደ 16 ጊጋ አሳድጉ፤ ከቻላችሁ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩ። አዲስ ላፕቶፕ አያስፈልግም፤ የኔ ያገለገለ ነው። ራሙን ስታስገቡ ከሱቁ ሳትወጡ ላፕቶፑን አስከፍቱና ስንት ጊጋ እንደሚያሳይ እዩ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስትገዙ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። በግማሽ ዋጋ የገዛሁት ባለ 2 ቴራ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ 2 ቴራ ብሎ ያሳያል። 60 ጊጋ ገደማ እስኪሞላ በትክክል ሠራ። ከዚያ በኋላ የጫንኩት ሁሉ ስሙ ይታያል፣ አይከፈትም። የአንድ ዓመት የጣና ምስል ነበር። ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ዲስኩን እስከ መጨረሻው ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ሰዓታት ይፈጃል። ሻጩ «ይህን ሁሉ ሰዓት ሱቄ አትቀመጥም» ካለ፣ በማግስቱ መመለስ እንደሚቻል ደረሰኝ ላይ አስጽፉት። አልጽፍም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።