ዶሮዎቻችንን ከሐሩር ላተረፈችልን ባለሙያ ምስጋና

በጓሯችሁ ዶሮ የምታረቡ ካላችሁ ይቺን ሰው እወቋት። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ በዚህ ሐሩር የእናቴን ዶሮዎች ያተረፈችልን እሷ ናት። ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ሳላስፈቅዳት አደባባይ ላወጣት ስላልፈለግኩ ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ።

ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ የዶሮዎቹ ነገረ ሥራ ተለወጠ። መኖ ይተዋሉ። አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ክንፋቸውን ከጎናቸው ገለጥ አድርገው ይቆማሉ። እንቁላሉ ቀነሰ፤ የሚገኘውም ቅርፊቱ ስስ ሆኖ ገና ሲነሳ ይሰነጠቃል። ከሁሉም ወፈር የምትለዋ ዶሮ ሞተች። ያየ ሁሉ «ፈንግል ነው» አለ፤ ዶሮ የሚፈጀውን ተላላፊ በሽታ ማለቱ ነው። አንድ መድኃኒት ሻጭ ደግሞ አንዷንም ዶሮ ሳያይ አንቲባዮቲክ በውሃ በጥብጡና ስጡ አለን። እናቴ «መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይያቸው» ብላ ባትጸና ኖሮ ይሰጣቸው ነበር።

ባለሙያዋ የመጣችው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሰዓቱን ራሷ መረጠች፤ «ሲብስባቸው ልያቸው» ብላ። ግቢ ገብታ ዶሮ አልያዘችም። ራቅ ብላ ቆማ ተመለከተቻቸው። በሙቀት ሰዓት ዶሮ ማባረርና መያዝ ያለባትን ሙቀት ያብስባታል አለችን፤ ክትባትም ሆነ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር በማለዳ ነው የሚሻለው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወደ ቤታቸው ገባች። እጇን ወደ ጣሪያው ቆርቆሮ አስጠጋች። ቴርሞሜትሯን ከቆጡ አጠገብ፣ ዶሮዎቹ በሚያድሩበት ከፍታ ሰቀለችው። ውጭ ጥላው ስር ካለው ይልቅ እዚያ ውስጥ ይሞቃል። መጠጫው ውስጥ ጣቷን ነከረችና «እማማ፣ ይቺን ውሃ እርስዎ ይጠጧታል?» አለች። እናቴም ጣቷን ነክራ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ክትባት መቼ ተከተቡ? ኩሳቸው ምን ይመስላል? ከአፍንጫቸው የሚወጣ ነገር አለ? አንገቱ የተጣመመ አይታችኋል? የመኖውን ከረጢት አስመጥታ ጽሑፉን አነበበች። ያነበበችውም ኮክሲዲያ ለሚባለው የዶሮ አንጀት በሽታ መከላከያ መኖ ውስጥ የሚጨመር ኒካርባዚን የሚባል መድኃኒት ስላለ ነው፤ እሱን እየበላች ያለች ዶሮ በከፍተኛ ሙቀት የመሞት ዕድሏ ይጨምራል። የእኛ መኖ ውስጥ አልነበረም። በመጨረሻ «ጠዋት ጠዋትስ እንዴት ናቸው?» አለች። እናቴ «ጠዋትማ ይሯሯጣሉ፣ መኖም ይበላሉ» ስትላት ፊቷ ፈታ አለ። «እማማ፣ እንግዲያው ያስቸገራቸው ሙቀቱ ነው። ቤታቸውን ነው የምናክመው» አለች። አንድ ብልቃጥ አልሸጠችልንም። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ይሄ ነው። የምትሸጠው መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ እኛም ብትለን ለመግዛት ዝግጁ ነበርን።

ያስረዳችንን ላካፍላችሁ። ዶሮ ላብ የላትም። የሰውነቷ ሙቀት በደህናው ቀን እንኳ ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። አየሩ ወደ 30 ሲጠጋ ማለክለክ ትጀምራለች፤ የራሷ ሙቀት 46 እና 47 ከደረሰ ትሞታለች። ሙቀቱን የምታስወጣው በትንፋሿ፣ በእግሮቿ፣ በራሷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋና ከአገጯ ስር በሚንጠለጠለው ነው። ስታለከልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት ከደሟ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ለቅርፊት የሚሆነው ካልሲየም እንደ ልብ አይገኝም። የእንቁላሎቻችን ቅርፊት የሳሳው ለዚህ ነው። ከባድ ሥጋ ያላቸው ዝርያዎች ቀድመው ይጎዳሉ። አንገተ መላጣዎቹ ላባቸው ስለሚያንስ የተሻለ ይችሉታል።

ሥራው የተጀመረው ከጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ላይ ወፍራም የሣር ክዳን አለበስን፤ ሣር ያላገኘ ሰው ኖራ ቢቀባውም ፀሐይዋን ይመልስለታል። ከዚያ ግድግዳው። በአንድ በኩል ብቻ የነበረውን ቀዳዳ ትታ ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ጎኖች ሰፋ አድርገን እንድንከፍትና በሽቦ እንድንሸፍነው አደረገች፤ አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። ከጣሪያው ስርም የሞቀው አየር የሚወጣበት ክፍተት ተተወ። በሰሌዳ የነበረውን በር ጠንካራ ሽቦ በተወጠረበት በር ቀየርነው። ይሄ የሌሊቱ ነገር ብዙ ሰው የማያስበው ይመስለኛል። ሲግል የዋለ ቤት ማታ ቶሎ አይበርድም፤ ዶሮዎቹም ተጠጋግተው ነው የሚያድሩት። በሩ በሽቦ ሲሆን አየር ይገባል፣ ሸለምጥማጥ አይገባም። ወፍራሙን ጉዝጓዝም አሳሳነው፤ እርጥብ ኩስና ጉዝጓዝ ሲብላላ ራሱ ሙቀት ይሰጣል።

ውሃውን በተለያየ ቦታ፣ ሁሉንም ጥላ ስር አደረግነው፤ ደካማዋ በጉልበተኞቹ እንዳትከለከል ጭምር። በሙቀት ጊዜ ዶሮ ከወትሮው እጥፍና ከዚያም በላይ ትጠጣለች፤ ውሃው ከሞቀ ግን ትተወዋለች። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። መኖ በማለዳና ፀሐይ ስትበርድ ብቻ። የበሉት ሲፈጭ ሙቀት ስለሚያመነጭ እኩለ ቀን ላይ ሆዳቸው ባይሞላ ይሻላል።

እዚያው እያለን አንዷ ዶሮ ስትራመድ ተንገዳገደች። ባለሙያዋ ቀስ ብላ አነሳቻት፣ ጥላ ስር ወሰደቻት፣ እግሮቿን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቆመቻት። በእርጥብ እጇ የክንፏን ስር አበሰች። በረዶ ውሃ አይሆንም፣ ድንጋጤው ሊገድላት ይችላል አለች፤ አፏንም በግድ ከፍቶ ውሃ ማፍሰስ አይገባም፣ ወደ ሳንባዋ ይሄዳል። ዶሮዋ እግሮቿ ውሃው ውስጥ እንዳሉ ትንፋሿ እየተረጋጋ መጣ። ቆይታ ራሷ ጎንበስ ብላ ጠጣች። እናቴ «ተባረኪ ልጄ» እያለች እጇን ይዛ አልለቅ አለቻት።

ውሃ ስለመርጨት ጠይቀናት ነበር። ደረቅ አየር ባለበት ቀጭን ርጭት ይረዳል፤ አየሩ ራሱ እርጥበት ካዘለ ግን ትንፋሻቸው ሙቀት ማውጣት ስለሚያቅተው ጭራሽ ይጎዳል። ኤሌክትሮላይት የሚባለውን፣ በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የማዕድን ዱቄትም ሙቀቱ ከፍ ባለባቸው ቀናት ብቻ፣ ማሸጊያው ላይ ባለው መጠን ስጡ ብላናለች። ሁሌም ንጹህ ውሃ አጠገባቸው ይኑር።

በማግስቱ እራሷ ደወለች። ከዚያም አንድ ምሽት ጎራ ብላ ቤቱ ውስጥ ገብታ አየችው፤ ለዚህኛው ጉብኝት ክፍያ አልጠየቀችም። ማለክለኩ ቀንሷል፣ ከዚያ ወዲህ የሞተብን የለም። እንቁላሉ ቶሎ እንደማይመለስ ቀድማ ስለነገረችን አልተጨነቅንም፤ አሁን ቀስ በቀስ እየጨመረ ነው፣ ቅርፊቱም ጠንክሯል።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው ከመላው ቤተሰብ ምስጋናችን ይድረስሽ። እናቴ ዶሮ ለሚያረቡ ወዳጆቿ ሁሉ ያንቺን ነገር አውርታ አትጠግብም።

ልትጠሯት የምታስቡ ደግሞ እነዚህን አዘጋጅታችሁ ጠብቋት፦ የዶሮዎቹን ብዛትና ዕድሜ፣ የክትባት መዝገባቸውን፣ የመኖውን ከረጢት፣ የሞተ ካለ መቼና በስንት ሰዓት እንደሞተ። የቤቱን ፎቶ ከውስጥም ከውጭም አንስታችሁ አስቀድማችሁ ብትልኩላት ደስ ይላታል። ዶሮ እየወደቀባችሁ ከሆነ ግን እሷን እስክታገኙ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ጥላ ስር አውጧት፣ እግሯን ቀዝቀዝ ባለ ውሃ አርጥቡ።