ከአያት ኮንዶሚኒየም ሥር ያለችው የፕላን ማተሚያ ቤት

የአርክቴክቸር ተማሪ ሳለሁም ሆነ ዛሬ በአንድ አነስተኛ ቢሮ ጀማሪ ባለሙያ ሆኜ፣ ፕላን የማሳትመው በአያት ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነው።

ልቤን የወሰደችው በአራተኛ ዓመት ፕሮጀክቴ ዋዜማ ነው። የሰፈር ጤና ጣቢያ ነድፌ በትልቁ የኤ1 ወረቀት ላሳትም መጣሁ። የመጀመሪያው ገጽ እንደወጣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ባለቤት ማስመሪያ አሳረፉበት። «ልጄ፣ ይህ ክፍል ስንት ሜትር ነው?» አሉኝ። «አምስት» አልኳቸው። በ1፡50 ስኬል፣ ማለትም በወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲሜትር በእውኑ 50 ሴንቲሜትር በሆነበት መጠን፣ 10 ሴንቲሜትር መሆን ሲገባው 9.7 ብቻ ነበር! ፋይሉን ሳዘጋጅ ከወረቀቱ ጋር እንዲጣጣም ብዬ አሳንሼው ኖሯል። አስተካክለው፣ ሳንቲም ሳይጨምሩብኝ ደግመው አተሙልኝ።

አሁን ግንባታ ቦታ ላይ ፎርማኑ ሜትሩን በፕላኑ ላይ ዘርግቶ የመስኮት ስፋት ሲለካ ባየሁ ቁጥር እትዬን አስባቸዋለሁ። በወረቀት ላይ 3 ሚሊሜትር የነበረችው ስሕተት ግድግዳው ላይ 15 ሴንቲሜትር ትሆን ነበር።

የኅትመቱ ጥራት ያኮራል፤ በሥዕሉ ላይ ተቆርጦ የሚታየው ግድግዳ መስመሩ ደምቆ፣ የወለሉ ንጣፍ መስመር እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይወጣል። የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ካርቶናቸውን ግን አልመክርም፤ በክረምት እርጥበት ስቦ ይጎብጣል። ጄኔሬተርም የላቸውም። መብራት ከሄደ ሥራው ይቆማልና ከማስረከቢያችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ሂዱ።