ሦስቱ ሰይፎች ወይስ የሃራልድ ጉብታ?

ንጉሥ ሃራልድ (ባለ ውብ ፀጉሩ) ያሸነፈበትና ኖርዌይን ወደ አንድ መንግሥት እንዳመጣ የሚነገርለት የሃፍርስፍዮርድ የባሕር ውጊያ በልማድ እ.ኤ.አ. በ872 ተደረገ ይባላል፤ ብዙ ተመራማሪዎች ግን ጥቂት ያዘገዩታል። ይህን ታሪክ የሚያስታውሱ ሁለት ሐውልቶች በደቡብ ምዕራብ ኖርዌይ ከተሞች በስታቫንገርና በሃውገሱንድ አሉ፤ ለአንድ ሐውልት ብቻ ጊዜ ያለው መንገደኛ የቱን ይምረጥ?

ምን ይታያል?
ስታቫንገር፦ 10 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሦስት የነሐስ ሰይፎች ዐለት ውስጥ ተተክለዋል። የቀራፂው የፍሪትዝ ሮይድ ሥራ ሲሆኑ በ1983 ንጉሥ ኦላቭ 5ኛ መርቀዋቸዋል። ትልቁ የአሸናፊው የሃራልድ ነው፤ ሁለቱ የተሸናፊዎቹ ነገሥታት። ከዐለት የማይነቀል ሰይፍ ዳግም አይመዘዝም፤ ሐውልቱ የሰላም ምልክት የሆነው በዚህ ነው፣ ውበቱም እዚህ ላይ ነው።
ሃውገሱንድ፦ የሃራልድ ጉብታ፣ በ1872 ለአንድነቱ ሺህኛ ዓመት የቆመ 17 ሜትር የግራናይት ዓምድ፤ ዙሪያውን የቀድሞ ግዛቶችን የሚወክሉ 29 ድንጋዮች። ሃራልድ እዚህ ተቀበረ ይባላል እንጂ ውጊያው እዚህ አልነበረም።

ወጪና መንገድ
መግቢያ በሁለቱም ነፃ ነው። ሰይፎቹ ከስታቫንገር መሃል 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ አውቶቡስ ወይም ብስክሌት ይበቃል። ጉብታው ከሃውገሱንድ መሃል 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከስታቫንገር ለሚነሳ ግን መንገዱ ጀልባ መሻገርን ስለሚጨምር ቀኑን ይበላል።

ጥንቃቄ
በሰይፎቹ ዙሪያ ዐለቱ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ፀሐይ ከፍዮርዱ (ወደ የብስ ከገባው የባሕር ክንድ) ማዶ ስለምትጠልቅ ማታ ፎቶ ላይ ጥላቸው ብቻ ይወጣል፤ የነሐሱን ቀለም ለሚፈልግ ጠዋት ይሻላል።

ግማሽ ቀን ላለው፣ ልጆች ለያዘና ውጊያው የተደረገበትን ውኃ ማየት ለሚፈልግ ስታቫንገር። ወደ በርገን በመኪና ለሚያልፍ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ኖርዌይ ራሷን እንዴት እንዳየች ለሚያጠና ሃውገሱንድ።