የንባብ ክፍላችንን ኮምፒውተሮች ላስተካከለችልን ባለሙያ

የምስጋና ጽሁፍ ነው። የጋራ ኮምፒውተር የምታስተዳድሩ ካላችሁም ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

በንባብ ክፍላችን ብዙ ሰው እየተፈራረቀ የሚጠቀምባቸው 12 ኮምፒውተሮች አሉ። ጠዋት ስንከፍታቸው የአንዱ መነሻ ገጽ ተቀይሯል፤ ሌላው ላይ ማን እንደጫነው የማይታወቅ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ተቀምጧል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የአንድ ተማሪ የኢሜይል ፓስዎርድ ነው። ብሮውዘሩ ስላስቀመጠው፣ ከእሱ ቀጥላ የተቀመጠችው ልጅ ሳታስበው ደብዳቤው ውስጥ ገብታ ተገኘች። ቀድሞ ያየልን ባለሙያ የሴቲንጉን ምልክት ደብቆ ነበር የሄደው። የሴቲንጉን ገጽ አድራሻ የሚያውቅ ሁሉ ግን በእጁ እየጻፈ ገባበት።

ይህች ባለሙያ ኪቦርድ ከመንካቷ በፊት «ሰዎቹ እዚህ ምን እንደሚሠሩ ይንገሩኝ» አለችኝ። ሁሉም በአድሚን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉን መቀየር በሚችል አካውንት እንደሚገባ ስታይ ሥራውን ከዚያ ጀመረች፤ አድሚን የሆነ ሰው የተቆለፈውን መልሶ ይከፍተዋልና ተጠቃሚዎቹን ወደ ተራ አካውንት አዛወረች። ቀጥላ ፋየርፎክስ በተጫነበት ፎልደር ውስጥ ፖሊሲዎቹ፣ ማለትም ብሮውዘሩ የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን የሚወስኑት ትእዛዞች የተጻፉባት አንዲት ትንሽ ፋይል አስቀመጠች፤ ክሮምን ደግሞ በዊንዶውስ ሬጅስትሪ (የኮምፒውተሩ ሴቲንጎች በሚቀመጡበት መዝገብ) በኩል አስተካከለችው። የተገዛ ፕሮግራም የለም። ብሮውዘሮቹ ራሳቸው ይህን ይችላሉ፤ እኔ ይህንን አላውቅም ነበር።

አሁን የፋየርፎክስ መነሻ ገጽ አይነካም፣ ኤክስቴንሽን አይጫንም፣ ፓስዎርድ ይቀመጥ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ብሮውዘሩ ሲዘጋ ኩኪውም (ድረ ገጾች ብሮውዘሩ ላይ የሚያስቀምጡት መረጃ) የተጎበኙት ገጾች ዝርዝርም ይጠፋል። ሳይዘጋ ከተተወ ግን አይጠፋም፤ ስለዚህ በየስክሪኑ ሥር «ሲጨርሱ ብሮውዘሩን ይዝጉ» የሚል ወረቀት አስለጠፈችን።

ልቤን የነካው ሳትቆልፍ የተወችው ነው። ዓይናቸው የደከመ አንድ አባት ፊደሉን አጉልተው እንደሚያነቡ ነግሬያት ስለነበር ማጉያውን አልነካችውም። በመጨረሻ እንደ ተጠቃሚ ገብታ የሠራችውን ለመስበር ስትሞክር ቆየች። ፋየርፎክስ ላይ አንድ ክፍተት አገኘች፤ የረቀቁት ሴቲንጎች የሚከፈቱበት ገጽ ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር። «ረስቼው ነበር» ብላ እዚያው ዘጋችው። የትኛው ፖሊሲ እንደሚሠራ የሚታይበትን ገጽ አሳይታኝ፣ ሁሉም እንዴት እንደሚፈታ በአማርኛ ጽፋ ሰጠችኝ። ባለፈው ሳምንት መነሻ ገጹን ራሴ ቀየርኩት።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። እንዲህ ዓይነት ሥራ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሷን ጠይቄ አገናኛለሁ።