ቀጥ ብሎ የሚነሳ ድሮን ልትገዙ ነው? ኳድኮፕተር፣ ኳድፕሌን፣ ቲልት ሮተር ወይስ በጭራው የሚቆም

ለካርታ ሥራ ድሮን ልትገዙ አስባችኋል። ሻጩ «ቪቶል ነው፣ 90 ደቂቃ ይበራል» ይላችኋል፤ ቪቶል ማለት ቀጥ ብሎ የሚነሳና ቀጥ ብሎ የሚያርፍ ማለት ነው። አንድ የምታውቁት ቀያሽ ደግሞ «ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ማቪክ ይበቃችኋል» ይላል፤ የቻይናውን ዲጄአይ ትንሽ ኳድኮፕተር ማለቱ ነው። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ የሚጠየቀው በቀን ስንት ሄክታር እንደምትሠሩና የት ላይ እንደምታሳርፉት ነው። ሲሰበር ማን ይጠግነዋል የሚለውም ብዙም አይርቅም። የደቂቃው ቁጥር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እዚህ የማነጻጽራቸው አራት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ክንፍ የሌለው፣ በአራት ፕሮፔለር ብቻ የሚንሳፈፈው ተራው ኳድኮፕተር ነው። ሦስቱ ክንፍ አላቸው፤ እንደ ሄሊኮፕተር ይነሱና እንደ አውሮፕላን ይበራሉ። የሚለያዩት ከመነሳት ወደ መብረር በሚሸጋገሩበት መንገድ ነው። የዋጋውም፣ የብልሽቱም፣ የራስ ምታቱም ምንጭ ያቺው ሽግግር ናት።

ባትሪውን የሚበላው ማን ነው?

5 ኪሎ የሚመዝን ባለ ክንፍ ድሮን እንውሰድ። በአራት ባለ 13 ኢንች ፕሮፔለር አየር ላይ ቆሞ ለመቆየት፣ በባሕር ጠለል ላይ፣ 700 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ክንፉ ተሸክሞት በሰከንድ 17 ሜትር ሲሄድ ግን 150 ዋት አካባቢ ይበቃዋል። አንድ ደቂቃ ቆሞ መንሳፈፍ ከአራት ደቂቃ በላይ ጉዞ ይበላል ማለት ነው። ኳድኮፕተር ከተነሳ እስኪያርፍ ድረስ ይህን ሂሳብ ይከፍላል። ባለ ክንፉ የሚከፍለው ሲነሳና ሲያርፍ ብቻ ነው።

አሁን ይህንን ወደ አዲስ አበባ አምጡት። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ 20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ያው ድሮን ቆሞ ለመንሳፈፍ 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ፕሮፔለሩ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከር የሚሰጠው ግፊት በ20 በመቶ ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ተሠርቶ የተፈተነ ድሮን «ግፊቱ የክብደቱ 1.5 እጥፍ ነው» ከተባለ፣ ቦሌ ላይ ወደ 1.2 እጥፍ ይወርዳል። ቀኑ ሞቃት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። 1.2 እጥፍ ለመነሳት ይበቃል፤ ነፋስ ሲገፋው ራሱን ለማስተካከል ግን አይተርፈውም። ስለዚህ ደጋ ላይ ለምትሠሩ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ደቂቃ ይበራል?» ሳይሆን «ከስንት ሜትር ከፍታ ይነሳል?» መሆን አለበት።

ጥሩ አምራቾች ይህንን በግልጽ ይጽፋሉ። በጭራው የሚቆመው የስዊዘርላንዱ ዊንግትራዋን በመደበኛ ፕሮፔለሩ የመነሻ ጣሪያው 2,500 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ለከፍታ የተሠራውን ፕሮፔለር መግጠም አለባችሁ። አዲስ አበባ መሃል ላይ እንዲሁ ይነሳል፤ ደብረ ብርሃን ላይ አይነሳም። ዲጄአይም ለማትሪስ 350 ለከፍተኛ ቦታ የሚሆን የተለየ ፕሮፔለር አለው። ፕሮፔለሩ ከድሮኑ ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም አይደለም። ረስቶ መስክ መውጣት ግን ቀኑን በሙሉ ያቃጥላል።

ኳድኮፕተር፦ ለብዙዎቻችን ይበቃል

ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ 915 ግራም ይመዝናል። አምራቹ 45 ደቂቃ ይበራል ይላል። እናንተ 30 ደቂቃ የሥራ ጊዜ ያዙ። በ100 ሜትር ከፍታ፣ በሰከንድ 12 ሜትር ፍጥነት፣ መስመሮቹ በ70 በመቶ ተደራርበው ቢሄዱ፣ በአንድ ባትሪ 90 ሄክታር ገደማ ያነሳላችኋል። መታጠፊያው የሚበላውን ስትቀንሱ ትንሽ ይወርዳል። ለአንድ ቀበሌ የመሬት ይዞታ፣ ለድንጋይ ካባ ልኬት ወይም ለሪል እስቴት ግንባታ ክትትል ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ? ጣሪያ ላይ ያርፋል። መኪና ኮፈን ላይ ያርፋል። ቸገር ካለም የለመደ ሰው በእጁ ይቀበለዋል፤ ባይመከርም ሁሉም ያደርገዋል።

ማትሪስ 350 ከፍ ያለው ወንድሙ ነው። እስከ 2.7 ኪሎ ይሸከማል፤ ላይዳርም (በሌዘር ርቀት የሚለካ መሣሪያ) የሙቀት ካሜራም ይገጠምለታል። ምንም ሳይጫንበት 55 ደቂቃ ይበራል ተብሏል፤ ስትጭኑት በደንብ ይቀንሳል። የኃይል መስመርና ድልድይ የሚመረምር ሰው አንድ ቦታ ቆሞ ማየት አለበትና ክንፍ ያለው ምንም አይሠራለትም፤ ይህንኑ ይግዛ። ባለ ክንፉን መመልከት የሚያስፈልገው በቀን ብዙ መቶ ሄክታር ለሚሠራ ሰው ነው። 16 ሜትር በሰከንድ እየሄደ 50 ደቂቃ የሚሠራ ባለ ክንፍ 48 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ጥሩ ካሜራ ከያዘ መታጠፊያውን ቀንሰን እንኳ 250 ሄክታር ገደማ ነው። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው የሚታየው፤ በአንድ ባትሪ ሦስት እጥፍ ያህል።

ኳድፕሌን፦ አስቀያሚው ግን ታማኙ

ተራ አውሮፕላን ወስዳችሁ በክንፎቹ ላይ ሁለት ዘንግ እሰሩ። በዘንጎቹ ጫፍ አራት ወደ ላይ የሚያነሱ ሞተሮች ግጠሙ። ወደ ፊት የሚገፋው ሞተር ለብቻው አለ። ይኸው ነው ኳድፕሌን። ጉድለቱ ከሩቅ ይታያል። አራቱ ሞተሮች ከተነሱ በኋላ ሥራ ፈት ተሳፋሪ ናቸው። ክብደታቸውን ክንፉ ይሸከማል፣ የቆመ ፕሮፔለራቸው አየሩን ይጎትታል። ብልህ ሠሪዎች ባለ ሁለት ቅጠል ፕሮፔለር ይጠቀሙና ሲቆም ከጉዞው አቅጣጫ ጋር እንዲተኛ ያደርጉታል። ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ታዲያ ለምን እወደዋለሁ? ምክንያቱም የሚታጠፍ ነገር የለውም። ለመነሳት የሚያገለግለውና ለመብረር የሚያገለግለው ለየብቻ ነው። የፊት ሞተሩ ቢቆም አራቱ ቀስ አድርገው ያወርዱታል። አርዱፓይለት የሚባለው ክፍት አውቶፓይለት ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለው፤ አውሮፕላኑ ከተወሰነ ፍጥነት በታች ሲዘገይ አራቱ ሞተሮች ራሳቸው ተነስተው ይደግፉታል። አርዱፓይለት የሚጫንባቸውን ፒክስሃውክ ወይም ኪዩብ የሚባሉ የመቆጣጠሪያ ቦርዶች የገጠመ ድሮን ይህንን ያገኛል። ሞተሩም፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢኤስሲም፣ ፕሮፔለሩም ከየትኛውም የድሮን ዕቃ ሻጭ የሚገዛ ነው። ክንፉ ከፎም ከሆነ ሙጫና የካርቦን ዘንግ ያለው ሰው ማታ ጠግኖት ጠዋት ያስነሳዋል። መለዋወጫ ለማስመጣት ሳምንታት በሚፈጅበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም።

ራሳችሁ የምትገጣጥሙ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኳድፕሌን ብዙ አምፒር የሚጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ ልክ ባትሪው በደከመበት ሰዓት። በጉዞ ላይ ሳለ ቮልቴጁ ደህና ይመስላል። ከ150 ዋት ድንገት ወደ 750 ሲዘል ግን ቮልቴጁ ተንዶ ይወርዳል። 10 ሜትር ላይ ይህ ከሆነ የሚቀጥለውን መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ለመመለስ የሚቀመጠው ባትሪ በደቂቃ ሳይሆን በማረፊያው ጉልበት ይሰላል። አርፎ ሳይሳካለት አንዴ ደግሞ ቢነሳ የሚበቃው ይቀመጥለት። ለዚህ ነው የሊቲየም አዮን ባትሪ ለረጅም ጉዞ ተመራጭ ሆኖ ሳለ አንዳንዱ ሠሪ አሁንም ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) የሚጠቀመው፤ ሊፖ ከባድ ቢሆንም በአንድ ጊዜ ብዙ ይሰጣል።

ቲልት ሮተር፦ የሚያምረው

እዚህ ሞተሩ ራሱ ይታጠፋል። ሲነሳ ወደ ላይ፣ ሲበር ወደ ፊት። ሥራ ፈት ክብደት የለም ማለት ይቻላል። የጀርመኑ ኳንተም ሲስተምስ ትሪኒቲ ኤፍ90 ፕላስ 5 ኪሎ ሆኖ 90 ደቂቃ የሚበረው በዚህ ነው። የክንፉ ስፋት 2.39 ሜትር ነው። የኦቴል ድራጎንፊሽም፣ የዊንግኮፕተርም መንገድ ይኸው ነው። በወረቀት ላይ ከሁሉም ይበልጣል።

መስክ ላይስ? የሚታጠፈውን ሞተር የሚያዞረው ሰርቮ የሚባል ባለ ጥርስ ትንሽ ሞተር ነው። አቧራ ይገባበታል፣ ጥርሱ ያልቃል። አንዱ በሽግግሩ መሃል ነክሶ ቢቆም የሚተካው የለም። አምራቾቹ ይህንን ያውቃሉ፤ ለዚህም ነው ጥሩ ሰርቮ የሚገጥሙትና በየተወሰነ ሰዓቱ አገልግሎት ይሰጠው የሚሉት። አገልግሎቱ ግን እናንተ ባላችሁበት አገር ካልተሰጠ ድሮኑ በየጊዜው ይሳፈራል ማለት ነው። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያላችሁ አትጨነቁ። ጎጃም ላይ የምትሠሩ ግን ሁለት ጊዜ አስቡ። ገንዘቡ ካለና ወኪል ካለ ከዚህ የተሻለ የለም።

በጭራው የሚቆመው

ይህኛው ሞተሩን አያጥፍም፤ ራሱ ተነስቶ ይቆማል። በጭራው ቆሞ ይነሳል፣ አየር ላይ ይተኛል፣ ሊያርፍ ሲል እንደገና ይቆማል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1954 እ.ኤ.አ. ፖጎ የሚባል እንዲህ ያለ አውሮፕላን አስበርሮ ነበር። ፓይለቱ ለማረፍ በትከሻው ላይ ዞሮ ወደ ታች ማየት ነበረበት፤ ነገሩም አልተገፋበትም። ሰው ከላዩ ሲወርድ ግን ያ ችግር አብሮ ወረደ።

ዊንግትራዋን ሁለት ሞተርና ሁለት የሚንቀሳቀስ የክንፍ ጠርዝ ብቻ አለው። ከዚህ ያነሰ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ያለው ባለ ክንፍ ቪቶል ማግኘት ይከብዳል። ቆሞ ስለሚያርፍ የካሜራው መስታወት መሬት አይነካም። 42 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዞ እስከ 59 ደቂቃ ይበራል።

የሚጎዳው ነፋስ ነው። ቆሞ ሲያርፍ ክንፉ በሙሉ ሸራ ይሆናል። አምራቹ በጉዞ ላይ በሰከንድ 12 ሜትር ነፋስ ይፈቅዳል፤ መሬት አካባቢ ሲነሳና ሲያርፍ ግን 8 ሜትር ብቻ። ጉግል በ2014 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ላይ ያሳየው የመጀመሪያው የፕሮጀክት ዊንግ (የዕቃ ማድረሻ ሥራው) ድሮንም በጭራው የሚቆም ነበር። በማግስቱ ዓመት ትተውት፣ ማንሻ ሞተሩን ለብቻ ወዳደረገ አሠራር ዞሩ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ይህንን ዓይነት ይዛችሁ ጠዋት ጨርሱ። አዳማ ላይ የነፋስ ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም።

ዕቃ ለማድረስ ከሆነ

ሌላ ዓለም ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደም የሚያደርሰው ዚፕላይን የመጀመሪያ ድሮኑ ቪቶል አልነበረም። ተወንጭፎ ይነሳል፣ ገመድ ላይ ተይዞ ያርፋል፣ ዕቃውን በፓራሹት ይጥላል። ጣቢያ መሥራት ለሚችል ይህ ርካሽ ነው። ናሙና ከጤና ጣቢያ ተረክቦ መመለስ ካለበት ግን እዚያው ማረፍ ያስፈልጋልና እንደ ዊንግኮፕተር ያለ ቪቶል ግድ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ኢትዮጵያ የምታስገቡ ከሆነ ፈቃዱ ከድሮኑ ይቅደም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርንም ሲቪል አቪዬሽንንም ያካትታል። ያለ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ ይዞ ቦሌ መድረስ ዕቃውን ጉምሩክ ማስረከብ ነው።

ቀጥሎ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ዋት ሰዓት አንብቡ። በመንገደኛ አውሮፕላን እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በእጅ ሻንጣ ይገባል። ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከ160 በላይ ለመንገደኛ ክልክል ነው። የማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ 77 ነው፣ ይገባል። የዊንግትራዋን እያንዳንዱ 99 ነው፤ ያ ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። የማትሪስ 350 አንዱ ባትሪ 263 ስለሆነ በካርጎ ካልሆነ አይሄድም። ዳላስ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ «ስመጣ ይዤላችሁ እመጣለሁ» ሲል ይህንን አስታውሱት።

ሻጩን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁት፤ ሙሉ ክብደቱን ጭኖ፣ እናንተ ባላችሁበት ከፍታ፣ እኩለ ቀን ላይ ያስነሳው። ከተነሳ በኋላ 10 ሜትር ላይ አንድ ደቂቃ አቁሙትና ስሮትሉ (ለሞተሮቹ የሚሰጠው ጉልበት) ስንት በመቶ ላይ እንዳለ ከስክሪኑ ተመልከቱ። ከ65 በመቶ በላይ ከሆነ ትልቅ ፕሮፔለር ወይም ሌላ ድሮን ይፈልጋል። ቪዲዮ እልክላችኋለሁ ካለ፣ ቪዲዮው የት ከፍታ ላይ እንደተቀረጸ ጠይቁ።