የደክት ሂተርና ፋን ላስቸገራችሁ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

በሕንፃ ጥገና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። የደክት ሂተራችንን (በአየር ማስተላለፊያ ቧንቧ ውስጥ የሚያልፈውን አየር የሚያሞቀውን) እና ፋኑን ላስተካከለልን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ምስጋናችን በአደባባይ ይድረሰው። ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ! ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን፤ ለምን እንደጠቆምነው ግን ከአሠራሩ ፍረዱ።

ሂተሩ የሙቀት መቁረጫውን (ከመጠን በላይ ሲግል ኃይል የሚያቋርጠውን መከላከያ) እየጣለ፣ በእጅ ሪሴት ካልተደረገ አልነሳም ይል ነበር። ቀድመው ያዩት ሰዎች «ኤለመንቱ (ማሞቂያ ሽቦው) ተቃጥሏል፣ ሂተሩ ይቀየር» ብለዋል። እሱ ግን ኤለመንት ቢቃጠል ሙቀት ያንሳል እንጂ ከመጠን በላይ አይግልም ብሎ ከፋኑ ጀመረ። መቁረጫው አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ሙቀቱን የሚወስድለት አየር ሲያንስ ነውና።

ፊልተሩ፣ ዳምፐሩ (የአየር መክፈቻና መዝጊያው) እና ቺንጋው ደህና ነበሩ። ከዚያ ፋኑን አጥፍቶ፣ ሊቆም ሲል በየት በኩል እንደሚዞር ተመለከተ፤ ዙሩ ፋኑ ላይ ካለው የአቅጣጫ ቀስት ተቃራኒ ነው። ባለሦስት ፌዝ ሞተር ሁለት ፌዝ ከተቀያየረበት ወደ ኋላ ይዞራል። ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው፤ ሴንትሪፉጋል ፋን ተገልብጦ ቢዞርም አየሩን የሚገፋው ወደዚያው ወደ ደክቱ ነው፣ መጠኑ ብቻ በጣም ይወርዳል። እጁን አስጠግቶ «ነፋስ አለ» ያለ ሰው ችግሩን አያገኘውም። 9 ኪሎዋት ሂተር በሰከንድ 0.5 ሜትር ኩብ አየር ሲያልፍበት አየሩን ወደ 15 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል፤ አየሩ በግማሽ ከቀነሰ ጭማሪው 30 ይሆናል፣ ኤለመንቱ ራሱማ ከዚያም እጅግ የበለጠ ይግላል። ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ፣ ኃይል አለመኖሩን በሜትር አረጋግጦ ሁለቱን ፌዝ አቀያየራቸው።

በዚህ አልበቃውም። አየር ሲያንስ ሂተሩን ማቆም የነበረበት የአየር ግፊት ስዊች ለምን ዝም አለ? ከሚገባው በታች ተስተካክሎ ነበር። አስተካክሎት ሲያበቃ ዳምፐሩን ቀስ እያለ ዘጋ፤ መቁረጫው ሳይደርስ ስዊቹ ሂተሩን አቆመ። ይህን ስዊች በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ እሳት መጥራት ነው፣ ማንም እንዲያደርግላችሁ አትፍቀዱ።

ኤለመንቶቹንም በግምት አልተዋቸውም። በ400 ቮልት በስታር (የሦስቱ ኤለመንቶች አንድ አንድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ተገናኝቶ) የታሰረ 9 ኪሎዋት ሂተር በየፌዙ ወደ 13 አምፔር ይስባል፤ ኃይሉ ተቋርጦ ሽቦው ሲፈታ እያንዳንዱ ኤለመንት ወደ 17.8 ኦም ያሳያል። የእኛው ሦስቱም ፌዝ 13 አምፔር ነበሩ። ኒውትራል በሌለው ስታር አንዱ ቢቃጠል ያ ፌዝ ዜሮ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ወደ 11.3 አምፔር ያነቡና የሚቀረው ኃይል 4.5 ኪሎዋት፣ ማለትም ግማሹ ብቻ ነው። ቴርሞስታቱ ካቋረጠ በኋላም ክላምፕ ሜትሩ (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካው) አምፔር ካሳየ የኮንታክተሩ (የሂተሩን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋው ስዊች) ነጥቦች ተጣብቀው ሊሆን ስለሚችል ያንንም አየ።

አንድ ተርሚናል ጠቁሮ አገኘ። ዝም ብሎ በካቻቢቴ አላጠበቀውም፤ የተቃጠለውን የሽቦ ጫፍ ቆርጦ፣ ተርሚናሉን ቀይሮ ነው ያሰረው። የላላ ግንኙነት ይግላል፣ የጋለ ደግሞ ይብስ ይላላል። ፋኑ ከሂተሩ ጋር እኩል ይጠፋ ስለነበርም በኤለመንቱ የቀረውን ሙቀት እንዲያወጣ 3 ደቂቃ የሚያቆየው ታይመር ገጠመለት።

ባለአንድ ፌዝ ፋን ያላችሁ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ ካልተነሳ መጀመሪያ ካፓሲተሩን (ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳውን ዕቃ) አስለኩ፤ 8 ማይክሮፋራድ ተጽፎበት 5 ካነበበ ሞተሩን ከመቀየር እሱን መቀየር ይቀድማል። ካፓሲተሩ ደህና ከሆነ ኃይሉን አጥፍታችሁ ክንፉን በእጅ አዙሩት፤ ከከበደ ኩሽኔታው ነው።

ይህን ባለሙያ ስትጠሩት የሂተሩንና የሞተሩን የስም ሰሌዳ ፎቶ አስቀድማችሁ ላኩለት፤ ስንት አምፔር መጠበቅ እንዳለበት አስልቶ ይመጣል።